የልጅቷ ደብተር የት አለ?

«አምድዎን ከባለቤቴ ጋር እናነባለን። የምኖረው ወላይታ፣ ሁምቦ አካባቢ ባለችው ተበላ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጌታን ከተቀበልኩ ቆይቻለሁ፤ በአጥቢያችን መዘምራን ውስጥም አገለግላለሁ። ጥያቄዬ እምነቴን በየቀኑ በምመርጠው ነገር እንዴት ልኑረው የሚል ነው። ደብተር ገዝቼ በአንድ ወገን ለጌታ የመረጥኩትን፣ በሌላው ወገን ለሥጋ የመረጥኩትን ማታ ማታ እጽፋለሁ። የሥጋው ወገን ሁልጊዜ ይበልጣል። ተከታታይ ፊልም አያለሁ። ቢሮ ውስጥ ሰው ሲታማ አብሬ እስቃለሁ። ለሰርግ ብዬ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውድ ልብስ ገዝቼ ዋጋውን ለባሌ ቀንሼ ነገርኩት። ለጥሞና ጊዜ አላጣም፤ ለትምህርት ብለን ከገጠር ያመጣናት ልጅ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ እሳት አንድዳ ቁርሱን ስለምታደርስልኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከጌታ ጋር ነኝ። አርብ አርብም እጾማለሁ። ሆኖም ውስጤ ደርቋል። የሁምቦ ተራራ ተራቁቶ እንደገና እንደለመለመ፣ እኔም እንድለመልም ምን ልጨምር?»

እህቴ፣ ፊልሙን እዪው። የልብሱን እውነተኛ ዋጋ ለባልሽ ንገሪው፤ ትንሽ ይቆጣል፣ ከዚያ ይተወዋል። የቢሮው ሐሜት መልካም ነገር ባይሆንም ለዚህ አምድ አይበቃም። እኔን ያቆመኝ አንቺ በሩጫ ያለፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ዓረፍተ ነገሩን የጻፍሽው ጊዜ እንደማታጪ ልትነግሪኝ ነው፤ እንደ ምስጋና። እኔ ግን ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ። አሥር ሰዓት ላይ ተነሥታ እሳት የምታነድ ልጅ ስንት ሰዓት ተኛች? የእራቱን ዕቃ ያጠበው ማን ነው? ትንሹ ልጅሽ ሌሊት ሲያለቅስ የሚነሣውስ? ይህን አልጻፍሽልኝም። «ለትምህርት ብለን» ካልሽ በኋላ ደግሞ በደብዳቤሽ ውስጥ ትምህርት የሚባል ነገር ዳግመኛ አይነሣም። ስንተኛ ክፍል ናት? ፈረቃዋ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? የልብሱን ቀለም እንኳ ነግረሽኛል፤ የልጅቷን ዕድሜ ግን አልነገርሽኝም።

ቤትሽ ውስጥ ሁለት ደብተር አለ። አንዱ ማታ ማታ ለጌታና ለሥጋ እያልሽ የምትሞዪው ነው። ሌላው የእሷ ነው። ሂጂና ፈልጊው፤ ምናልባት ወጥ ቤት ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ፣ ከልብሷ ፌስታል ሥር ይሆናል። የተጻፈበትን የመጨረሻ ገጽ ግለጪና ከላይ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አንብቢ። ቀኑ የዚህ ሳምንት ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሚው፤ የጻፍኩት ለሌላ ሰው ነው። የአምና ከሆነ ግን ቀጥዪ።

ክፉ ሴት ነሽ አላልኩም። ነገሩ እንዴት እንደሚጀመር አውቃለሁ። ወላይታ ውስጥ መሬት ጠቧል፤ ጥቂት እንሰትና ስኳር ድንች ባለባት ጓሮ አምስት ስድስት ልጅ የምታሳድግ እናት፣ ከተማ ያለች ዘመድ «አንዷን ስጪኝ፣ አስተምራታለሁ» ስትላት ትመርቃታለች። እንዲህ መጥተው ነርስና መምህር የሆኑ ልጆች አሉ፤ እነሱን ያሳደጉ ቤቶች ይባረኩ። አንቺም ስታመጫት ዋሽተሽ አይመስለኝም። ከዚያ ሕፃን ይወለዳል፣ የወሊድ ፈቃድ ያልቃል፣ ደመወዝ ይዘገያል፤ ደመወዝ በሰዓቱ ያልገባባቸው ወራት ለወላይታ ሠራተኛ የሩቅ ታሪክ አይደሉም። «እስቲ ሕፃኑ እስኪያድግ» ይባላል። ሕፃኑ ያድጋል፣ ሌላ ይደገማል። ልጅቷ በመስከረም ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ አዲስ ቀሚስ ለብሳ አገሯ ስትገባ እናቷ የተማረች ልጅ የመጣችላት ይመስላታል። ልጅቷም እናቷን ላለማሳዘን ዝም ትላለች።

ሕግ በዚህ ጉዳይ ደጃፍሽ ላይ ይቆማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሥራን ግን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ትቶታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ትምህርትን ከሚጎዳ ሥራ ሕፃናትን ቢጠብቅም፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የአንቺን ወጥ ቤት በር የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ የለም። በዚያ ሰዓት ነቅተው ያሉት አንቺ፣ ልጅቷና የምትጸልዪለት አምላክ ናችሁ።

ቁጣዬ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ ያለ ምክንያት የጮህኩብሽ ይመስልሻል። እኔም ሰው ቤት ያደግኩ ነኝ። የቤቱ እመቤት አጥባቂ አማኝ ነበሩ፣ ጎህ ሳይቀድ ይጸልያሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ እርጥብ እንጨት እፍ እያልኩ እሰማለሁ። ለልጆቻቸው በየስማቸው፣ ለታመመ ጎረቤት፣ ለአገር መሪዎች፣ አዲስ አበባ ላለ ወንድማቸው ይጸልዩ ነበር። ዝርዝሩን በቃሌ ይዤው ነበርና አሁን የእኔ ስም ይመጣል እያልኩ እጠብቃለሁ። «አሜን» ይላሉ፤ ከዚያ ይጠሩኛል፣ ሻይ እንዳቀርብ። ሰድበውኝ ወይም መትተውኝ አያውቁም። ለዚህ ነው ደግ ነን የሚሉ ቤቶችን ቶሎ የማላምነው።

አርብ ስትጾሚ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን አውጪና ሦስተኛው ቁጥር ላይ ቁሚ። እዚያ የሚጾሙት ሰዎች እንደ አንቺ ቅር ብሏቸው እግዚአብሔርን ይጠይቃሉ፤ መልሱ በቀጥታ ወደ ሠራተኞቻቸው ይወስዳቸዋል። ቀጥሎ ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን አንብቢ። የንዕማንን ሚስት የምታገለግለው ትንሽ ልጅ ተማርካ የመጣች ናት፤ ጌታዋ ከለምጽ የዳነው በእሷ ቃል መነሻነት ነው። ሰባኪዎቻችን ስለ እምነቷ ብዙ ይሉናል፣ እውነታቸውን ነው። ንዕማን ነጽቶ ቤቱ ሲገባ ልጅቷን ወደ እናቷ ሰደዳት ወይ ብሎ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰባኪ ግን የለም። ምዕራፉ ስለዚያ ዝም ይላል። የተበላዋ ልጅ ታሪክ ገና ስላላለቀ አንቺ ዝም ማለት የለብሽም።

የራስሽን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ የውጭ ሚሲዮናውያንን ከሶዶ ሲያስወጣቸው በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በወላይትኛ የተተረጎመው የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል ጥቂት፣ ማንበብ የሚችለውም ሰው ጥቂት ነበር። የመረጡትን በደብተር የሚመዘግብ አልነበረም። ዋንዳሮን የመሰሉ መሪዎች ታስረው ተገረፉ፤ አማኞቹም ወደ እስር ቤቱ በአገልግል ምግብ ሲያመላልሱ ለራሳቸው ሰዎች ብቻ ሳይሆን ጠያቂ ለሌለው እስረኛም አበሉ። ሰው ይህን አየ። ወንጌል ወላይታ ውስጥ እግር ያወጣው፣ እንደ እኔ እምነት፣ በዚያ አገልግል ነው። የአንቺ ጎረቤቶች ከአንቺ ቤት ምን ያያሉ? እሑድ መዝሙርሽን ይሰማሉ። ሰኞ ጠዋት የእነሱ ልጆች ቦርሳ አንግተው ሲያልፉ ደግሞ ያቺ ልጅ በጀሪካን ውኃ ይዛ ስትመለስ ያያሉ።

አሁን ወደ ተራራሽ ልምጣ። ምሳሌውን ያመጣሽው አንቺ ስለሆንሽ በትክክል እንጠቀምበት። የሁምቦው ደን 2,728 ሄክታር ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ማዕቀፍ ተመዝግቦ አገር ያወቀው ነው። አብዛኛው ግን ችግኝ ስለተተከለ አልለመለመም። ከመሬት በታች ያለው ሥር አልሞተም ነበር፤ ሰዉ መጥረቢያውን ከለከለ፣ ከብቱን አስወጣ፣ ከጉቶው ካቆጠቆጠው ውስጥ የሚያድገውን መርጦ ሌላውን ገረዘ። አንቺ «ምን ልጨምር?» ነው የምትዪኝ። የተበላ ገበሬ ግን የጀመረው አንድ ነገር በማቆም ነው። አንቺ አሁን ላይ ሌላ የጾም ቀን ብትጨምሪ፣ ሌላ የጸሎት ሰዓት ብትጨምሪ፣ የሚጨመረው በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከዘጠኝ ሰዓት እንጀምር ብትዪ ልጅቷ ስምንት ተኩል ላይ ትነሣለች።

መድረቅሽን አልናቅሁትም። ሌሎች ደረቅሁ ብለው ሲጽፉልኝ ዕረፍት ውሰዱ፣ ከሰው ጋር ተነጋገሩ እላለሁ። የአንቺ ግን ሌላ መሰለኝ። ልብሽ የሚያውቀውን ደብተርሽ ስለማይመዘግብ ነው። የልብሱን ዋጋ መዝግበሻል፣ የቢሮውን ሳቅ መዝግበሻል፤ ልጅቷ በየትኛውም ወገን የለችም። እሳቱን የምታነድ ልጅ መርጠሽ ነው ያመጣሽው፣ በየሌሊቱም እንደገና ትመርጫታለሽ። ይህን ስትጽፊልኝ እንኳ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሾልከሽ ልከሽልኛል፤ ሳታውቂው ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ሰው እንዲያይለት የማይፈልገውን ነገር ለማያውቀው ሰው አይጽፍም።

ምክር ካልሽ፦ ለመጪው መስከረም አስመዝግቧት፣ እስከዚያው ደመወዟን ወስናችሁ በስሟ የቁጠባ ደብተር ክፈቱላት፣ የጠዋቱን እሳት አንቺና ባልሽ ተፈራርቃችሁ አንድዱ። ባልሽ አምዱን አብሮ ስለሚያነብ እኔ ነገርኩት ማለት ነው፤ አንቺ አትቸገሪ።

የጥሞናሽ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል፤ በጭስ ውስጥም ይሆናል። ይሁን። ስለ ፊልሙና ስለ ልብሱ የጠየቅሽኝን በዝርዝር መመለስ እወዳለሁ፤ ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የተፈተነች ዕለት ጻፊልኝ። በዚያ ደብዳቤ ላይ ስሟም ይኑር።