ለፉከራ የሚሆን ጎፈር ከምን ይሠራ?

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የባህል ቡድን ሽለላና ፉከራ ያቀርባል። የአንበሳ ጎፈር ግን የለንም፤ ከምን እንሥራው? (ከገንዳ ውኃ)

መልስ፦ የአንበሳ ቆዳ በፍጹም አትፈልጉ። ጎፈር ቀድሞ አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ ስም ያተረፈ ሰው የሚደፋው የጀግና ምልክት ነበር። ዛሬ ግን አንበሳው ጎረቤታችሁ ነው፤ ቋራ ውስጥ በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ መኖሩ በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ተቀርፆ ተረጋግጧል። እንዲተርፍ ከልቤ እመኛለሁ።

ፀጉረ ረጅም የፍየል ለምድ ይበቃችኋል። በደንብ የለፋ ይሁን። ቆዳውን ከጀርባው በኩል በምላጭ ብቻ፣ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ሸንሽኑት፤ በመቀስ ከሆነ ፀጉሩም አብሮ ይቆረጣል። ከዚያ በግንባር ዙሪያ በተለካ የቆዳ ጥብጣብ ላይ ፀጉሩ ወደ ላይና ወደ ውጭ እንዲቆም አድርጋችሁ ስፉት፤ የአንዱ ረድፍ ፀጉር የሌላውን ስፌት ይሸፍን።

የእናንተ አካባቢ፣ የመተማ፣ ሙቀት ቀላል አይደለም። ላብ ቆዳውን ስለሚያደርቀው ውስጡን በጥጥ ጨርቅ ገብሩት፤ ገበሩ እየተፈታ የሚታጠብ ቢሆን እመርጣለሁ። ፎካሪው ሲንጎራደድና ሲዘል እንዳይወድቅበትም ከአገጭ ሥር የሚታሰር ጠፍር አይቅር። ከትርዒት በኋላ ጥላ ላይ አናፍሱት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጨማደዳል።