ገብስና ባቄላ በአንድ ማሰሮ፦ በአነስተኛ ወጪ የተመጣጠነ አመጋገብን ስለ ማስተማር

እንደሚታወቀው የአማራ ክልል ከአገራችን ዋና ዋና እህል አምራች አካባቢዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በክልሉ ከሚኖሩ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት መካከል 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ያነሰ ሆነው ተገኝተዋል። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ስለነበር ይህ በወቅቱ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የክልሉ አኃዝ ወደ 41 በመቶ ዝቅ ብሏል። እህል በሚመረትበት አገር ሕፃን ስለምን ይቀነጭራል? ተደጋጋሚ ሕመምና የንጹሕ ውኃ እጦት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ሌላውን ምክንያት፣ ይኸውም ሆድን መሙላትና ሰውነትን መመገብ የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

ትምህርቱ ወደ መንደር የደረሰበት መንገድ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠልጣኝ ሴቶችን በመመደብ ሥነ ምግብን ከትምህርቶቹ አንዱ አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔትም ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን አቅፏል። በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው አራተኛ ምዕራፉ ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆነው የጤናና የሥነ ምግብ ትምህርት እንዲከታተሉ ተደነገገ። ከትምህርቱ ስልቶች ሁሉ ፍሬያማው እናቶች ተሰብስበው ከየቤታቸው ባመጡት እህል የሕፃን ምግብ የሚያዘጋጁበት ሠርቶ ማሳያ ነው። ምክንያቱም «ሥጋና ወተት ስጡ» የሚል ምክር አቅም የሌላትን እናት ከማሳዘን በቀር የሚፈይደው የለም፤ በጎተራዋ ያለውን እህል አመጣጥና ስትቀላቅል ግን ትምህርቱን ዕለቱን በሥራ ታውለዋለች።

የድብልቁ ሳይንስ

በንፋስ መውጫና በአካባቢዋ ባለው ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይበቅላሉ። ገብስ በፕሮቲኑ ውስጥ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ባቄላ ደግሞ ላይሲን ሲበዛለት ሜታዮኒን ያንሰዋል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በስሌት እንየው። ከ100 ግራም ገብስ 11 ግራም፣ ከ100 ግራም ባቄላ 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። በአንድ ግራም ፕሮቲን ውስጥ ያለው ላይሲን በገብስ 36፣ በባቄላ 64 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። 200 ግራም ገብስ ከ100 ግራም ባቄላ ጋር ብንቀላቅል 47 ግራም ፕሮቲን እናገኛለን፤ በእያንዳንዱ ግራም ፕሮቲን ውስጥ ያለው ላይሲንም ወደ 51 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። ለ1 እና ለ2 ዓመት ሕፃን የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መለኪያ 52 ነው። የምግቡን በአንጀት የመፈጨት መጠን ለጊዜው ወደ ጎን ብንተው፣ ገብስ ብቻውን የማይደርስበትን ግብ ድብልቁ በእጅጉ ተጠግቶታል ማለት ነው። ድብልቁ የጾም ምግብ ስለሆነም በየትኛውም ወቅት ከቤተሰቡ ማዕድ አይርቅም።

ብቅል ለጠላ ብቻ አይደለም

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። ገንፎ ሲወፍር እናት ውኃ ትጨምርበታለች፤ ያን ጊዜ ሕፃኑ የሚጠግበው በውኃ ይሆናል። እህል ሲበቅል ግን ስታርችን የሚሰባብር አሚሌዝ የተባለ ኤንዛይም ያመነጫል። ለብ ባለ ገንፎ ላይ ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨመር ገንፎው ያለ ተጨማሪ ውኃ ይቀጥናል፤ ለንጽሕናው ሲባል እንደገና መፍላት ይገባዋል። ማብቀልና መዘፍዘፍ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴትንም ይቀንሳሉ። በዚህ ላይ የተከተፈ ጎመንና ጥቂት ዘይት ሲታከልበት ሰውነት ቫይታሚን ኤን ያገኛል።

የትምህርቱ ወሰን

ይህ ሁሉ ሲሆን ዕውቀት ብቻውን ጎተራ አይሞላም። ባቄላውና እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና መግዣ ገበያ ከወጡ፣ የተማረችውም እናት የምትቀላቅለው አይኖራትም። ስለዚህ የሥነ ምግብ ትምህርት ከጓሮ አትክልት፣ ከዶሮ እርባታና ከሴፍቲኔቱ ድጋፍ ጋር ካልተጣመረ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1,000 ቀናት የጎደለ ዕድገት በኋላ ለማካካስ እጅግ አዳጋች ነውና ጊዜም አይጠብቅም።

መልመጃ

ሽምብራ በሚበቅልበት ዝቅተኛ ቦታ ባቄላው በሽምብራ ቢተካስ? በ100 ግራም ሽምብራ 20 ግራም ፕሮቲን፣ በአንድ ግራም ፕሮቲኑም 67 ሚሊ ግራም ላይሲን አለ ብላችሁ ከላይ ያለውን ስሌት ድገሙ። ከዚያም በየቤታችሁ ያለውን ሽሮና ዱቄት በዚሁ ዓይን መርምሩ፤ ውጤቱንም ለእናቶቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ አስረዱ።