የሚፈታ ፋኖስ ሥራ
ለአንድ ወጣት ሠሪ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣

በፀሐይ የሚሠራ ፋኖስ በገዛ እጅህ ለመገጣጠም መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ዲላ ላይ ሬዲዮና ቴፕ በመጠገን ስላሳለፍኩ ስለ ብየዳና ስለ ባትሪ የምልህ አላጣም። ምክሬ ቢበዛም መነሻው አንድ ነው፦ በተሠራበት ማታ ፋኖስ ሁሉ ይበራል። ጥሩው የሚታወቀው በሁለተኛ ዓመቱ ሲበላሽ ተፈትቶ ሲጠገን ነው።

1. መጀመሪያ ተጠቃሚውን ጠይቅ።
ፓኔል ከመግዛትህ በፊት ፋኖሱ ለማን እንደሚሆን እወቅ። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ደብተሩ ላይ የሚያርፍ የሦስት ሰዓት ብርሃን ይበቃዋል። ምድጃ ዳር የምታመሽ እናት ከምሰሶ ተንጠልጥሎ ቤቱን የሚያዳርስ ትፈልጋለች። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በለቀማው ወራት እሸት ቡና አመሻሹ ላይ ይገባል፤ ቶሎ ካልተፈለፈለ ጥራቱ ስለሚጎድል መመዘኑም መፈልፈሉም ሌሊት ይዘልቃል። እዚያ የሚሠራው ፋኖስ የውሃ ፍንጣቂ የሚችል፣ ሚስማር ላይ የሚሰቀል ይሁን። ስንት ሰዓት ይበራል? የት ይቀመጣል? ማን ይይዘዋል? የነዚህን መልስ ጽፈህ ያዝ፤ ዕቃ የምትገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

2. ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጨርስ።
ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። የ6 ቮልት፣ 3 ዋት ፓኔል በጠራ ፀሐይ ግማሽ አምፔር ያህል ይሰጣል። በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብታገኝ ወደ 2,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይመጣል፤ ይህም 2,200 የሚይዝ አንድ የሊቲየም ባትሪ ሊሞላ ምንም አይቀረው። 1 ዋት ኤልኢዲ በ250 ሚሊአምፔር ብታበራበት፣ ከባትሪው አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ ትተህ 7 ሰዓት ታገኛለህ። ይህ ግን የፀሐይ ቀን ሒሳብ ነው። እኛ ዘንድ በመጋቢት የሚገባው የበልግ ዝናብ ሲከብድ ፓኔሉ ከሚሰጠው ሩቡ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው፤ ያም 500 መሆኑ ነው። በሙሉ ድምቀት ካበራኸው በ2 ሰዓት ያልቃል። ስለዚህ ማብሪያህ ሁለት ደረጃ ይኑረው። በ50 ሚሊአምፔር የሚበራው ዝቅተኛ ደረጃ ያንኑ 500 እስከ 10 ሰዓት ያዘልቀዋል። ብርሃኑ አነሰ ብለህ አትፈር፤ ኩራዝ የሚሰጠው 10 ሉመን እንኳ በጭንቅ ነው፣ 1 ዋት ኤልኢዲ ግን በሙሉ ኃይሉ ወደ 100 ይደርሳል። ዝቅተኛው ደረጃ ራሱ ከኩራዝ ይበልጣል፣ ጭስም የለውም። የደመናን ቀን ሒሳብ ያልሠራ ሰው ፋኖሱን በበጋ ሸጦ በበልግ ይሰደባል።

3. ጥላውን ሳትነካ ፓኔሉን አውጣ።
አገራችን ጌዴኦ ቡናውን ከእንሰቱ፣ እንሰቱን ከዋንዛው፣ ከብርብራውና ከኮርቹ አስማምቶ ያኖረ አገር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ለዚህ ነው። ለቡና የሚበጀው ይህ ጥላ ለፓኔል ጠላቱ ነው። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ፣ አንዷን ሴል የሸፈነ የእንሰት ቅጠል የሁሉንም ኃይል ይይዘዋል። ደንበኛህ ቤት ሄደህ ጥላው በጠዋት፣ በቀትርና በዘጠኝ ሰዓት የት እንደሚያርፍ እይ። ቡና የሚሰጣበትን ቦታ ብትጠይቅ ደግሞ ድካም ይቀንስልሃል፤ የቤቱ እናት ፀሐይ የሚቆይበትን ቦታ ከአንተ በፊት መርጠውታል። ለአንድ ፋኖስ ብለህ ዋንዛ አታስቆርጥ፤ ሽቦውን አምስት ሜትር ብታስረዝም ይሻላል። ቀጭን ሽቦ ግን ኃይሉን መንገድ ላይ ስለሚያስቀረው ወፈር ያለ ምረጥ።

4. ፀሐይ የምትሄድበትን አቅጣጫ እወቅ።
ዲላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ በሰኔ ወደ ሰሜን 17 ዲግሪ ገደማ ትሻገራለች። ፓኔሉን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብታዘነብለው ዓመቱን ሙሉ ያስኬድሃል፣ ዝናቡም አቧራውን ያጥብልሃል። ቆርቆሮው ላይ አታጣብቀው፤ ፓኔል ሲግል ኃይሉ ስለሚቀንስ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተውለት። ባትሪውን ደግሞ ከፓኔሉ ጋር ፀሐይ ላይ አታውጣ። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሎ መሞላት የለበትም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ በበጋ ቀትር ከዚያ ያልፋል። ፓኔሉ ውጭ፣ ፋኖሱ ቤት ውስጥ ሆነው በሽቦ ይገናኙ።

5. ባትሪውን ሳትለካ አትመን።
የፋኖስ ዕድሜ የባትሪው ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ በል። ገበያ የሚገኘው ክቡ 18650 የተባለው ባትሪ ሽፋኑ ላይ 9,900 የሚል ቁጥር ካየህ አትግዛው፤ በዚህ መጠን የሚሠራ ባትሪ ያን ያህል ሊይዝ አይችልም። ጥሩ የሚባለው 3,500 አካባቢ ነው። ሚዛን ላይ አውጣው፤ ደህናው 45 ግራም ያህል ሲመዝን ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ፈትተህ ከወሰድክ ያበጠውን፣ የተጨረመተውንና ዝገት የነካውን ወዲያው ለይ። በቴስተር ለክተህ ከ2.5 ቮልት በታች ያገኘኸውንም ተወው። የቀረውን 4.2 ቮልት እስኪደርስ ሙላና ለአንድ ሳምንት አስቀምጠው፤ ከ4 ቮልት በታች ከወረደ ውስጡ ታሟል። በባትሪው አካል ላይ በቀጥታ አትበይድ፤ ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። መያዣ ቤቱን ግዛና ባትሪው ገብቶ የሚወጣ ይሁን። ኪስህ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትያዘው። የሞተውን ወደ ምድጃ ወይም ወደ ጓሮ እንዳይጥሉት ለደንበኞችህ ተናገር፤ አንተው ሰብስበህ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍነህ ሕፃን ከማይደርስበት አኑረው።

6. ሞሊውን ሰሌዳ አትዝለል።
ፓኔሉን ከሊቲየም ባትሪ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ሰው ቤት ያቃጥላል። ቲፒ4056 የሚባል ጥፍር የምታህል ርካሽ ሰሌዳ አለች፤ ባትሪው 4.2 ቮልት ሲደርስ መሙላቱን ታቆማለች። ስትገዛ ስድስት መበየጃ ነጥብ ያላትን ምረጥ። አራት ብቻ ያላት ባትሪው እስከ ወለሉ ሲሟጠጥ አታቋርጥም፣ ያም ባትሪውን ይገድለዋል። ሰሌዳዋ የምትችለው እስከ 8 ቮልት ድረስ ነው፤ ባለ 12 ቮልት ፓኔል ካገናኘህባት ትቃጠላለች። ዩኤስቢ መሰኪያ ስላላት ከተማ የሚኖር ደንበኛህ በስልክ ቻርጀርም ይሞላባታል።

7. ኤልኢዲውን ቀዝቀዝ አድርገው።
1 ዋቱን ኤልኢዲ ከጀርባው አሉሚኒየም ያለበትን ግዛና ከተጣለ የአሉሚኒየም ድስት በቆረጥከው ቁራጭ ላይ እሰረው፤ ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ ብርሃኑ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ለከፍተኛው ደረጃ 3.3 ኦም፣ ለዝቅተኛው 18 ኦም ሬዚስተር ይበቃል፤ 3.3ቱ ግማሽ ዋት የሚችል ይሁን። ሬዚስተሩን ለማትረፍ ብለህ አትተወው። የሙሉ ባትሪ ቮልት ከኤልኢዲው ፍላጎት ስለሚበልጥ ያቃጥለዋል።

8. አካሉን በብሎን ግጠም፣ በሙጫ አትዝጋ።
የለውዝ ቅቤ የነበረበት ክዳኑ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ዕቃ ምርጥ አካል ነው። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ብታሸው ብርሃኑ ዓይን አይወጋም። ሁሉንም ነገር ክዳኑ ላይ ግጠም፤ ክዳኑ ሲፈታ ባትሪውም ሰሌዳውም አብረው ይውጡ። ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ ከውስጥ በኩል ቋጠሮ አድርግ፤ ልጅ ሲጎትተው ቋጠሮው ይያዝ እንጂ ብየዳው አይነቀል። ሲልከን የምትቀባው የሽቦው ቀዳዳ ላይ ብቻ ነው። ክዳኑ ውስጥ ወረቀት ለጥፈህ የትኛው ሽቦ ከየት እንደሚሄድ ሳል፣ ባትሪው የገባበትንም ቀን ጻፍ። ነገ የሚፈታው ሰው አንተን ላያገኝህ ይችላል።

9. ብየዳህ ይንጸባረቅ።
መጀመሪያ ሽቦውንና ነጥቡን በካውያው አሙቅ፣ ከዚያ ሊዱን ከሞቀው ላይ አስነካ። ሊዱን ካውያው ጫፍ ላይ አቅልጠህ የምታንጠባጥብ ከሆነ መገጣጠሚያው ውጩ ደህና መስሎ ውስጡ ሳይያያዝ ይቀራል፤ ከገጠር መንገድ ንቅንቅታ በኋላ ፋኖሱ አንዴ በርቶ አንዴ የሚጠፋው በዚህ ነው። ደህና ብየዳ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። በእጅህ ጎትተህ ሞክረው። የሊድ ጭስ አትሳብ፣ ሳትታጠብም እህል አትንካ።

10. ከመስጠትህ በፊት አሰቃየው።
ሙሉ ሌሊት አብርተህ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ መዝግብ። በደመና ቀናት ሞልተህ እንደገና ለካ። ከጠረጴዛ ከፍታ ጣለው። ውሃ እርጨው። አገላብጠህ ነቅንቀው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ፈተናውን ዘለህ የምታተርፈውን ጊዜ ቡሌ ደጋ ድረስ ለጥገና ስትመላለስ ታጣዋለህ።

11. እውነቱን ተናግረህ ሽጥ።
ለእናቶች ስትሸጥ «በዝናብ ቀን በዝቅተኛው ያብሩት፣ ባትሪው ከጊዜ በኋላ ይደክማል፣ ያኔ ይመልሱልኝ እቀይረዋለሁ» በላቸው። በበጋ ያገኘኸውን ሰዓት ለክረምት ቃል አትግባ። ስልክ የሚሞላ፣ ዋስትና ያለው ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ጥራቱ የተፈተነ የፋብሪካ ፋኖስ ይሻለዋልና እሱን ግዛ በለው። ያንተ ብልጫ ቅርበትህ ነው፤ ሲበላሽ ባለቤቱ በእግሩ መጥቶ ያገኝሃል። የኤሌክትሪክ መስመር መጥቶ ሥራዬን ያጠፋዋል ብለህም አትስጋ። በ2011 የታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ራሱ ከሕዝቡ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆኑ እንደ ሶላር ባሉ መንገዶች ለማዳረስ ነበር ያቀደው። መስመር የገባለትም ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ፋኖስ ይፈልጋል።

12. ሙያውን ለሌላው አካፍል።
በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ሬማ በምትባል መንደር ቤት ለቤት የሶላር መብራት ሲገባ፣ ዕቃውን ከመትከል ጎን ለጎን የሶላር ባለሙያ የሚሠለጥንበት ማዕከልም ተከፍቷል። በሕንድ ራጃስታን፣ ቲሎኒያ መንደር ያለው ቤርፉት ኮሌጅ ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩ የገጠር እናቶችን፣ ከአፍሪካ የሄዱትንም ጨምሮ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሶላር መብራት ገጣጣሚና ጠጋኝ አድርጓል። የተማሩት ክፍሎቹን በቀለም እየለዩ በእጅ በመሥራት ነው። ስለዚህ ይህ ሙያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ነው የሚልህን አትስማ። ወናጎም ሆነ ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬም ሆነ ገደብ፣ ፋኖስህ በደረሰበት ቀበሌ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሰው ክዳኑን ፈትቶ ባትሪ መቀየር ይማር። ሴት ልጆችን አታስቀር፤ ማታ ማታ ፋኖሱን ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙበት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ልጄ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ አትሥራ። አንድ ሥራ፣ ለአንድ ቤት ስጥ፣ አንድ በልግ ሙሉ ተከታተለው፣ ፈትተህ የደከመውን አስተካክል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጀምር። ጠጋኝ የሌለው መብራት ባትሪው በደከመ ቀን ቆሻሻ ይሆናል፤ አንተ ሠሪም ጠጋኝም ሁን።

አባትህ
ከዲላ