በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ የመለኪያ ቃላት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተጻፈ ውል፥ ደብዳቤ ወይም የዕቃ ዝርዝር የሚመረምር ጸሐፊ አንዱን የመለኪያ ቃል በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያገኘዋል። ይህን ባየ ጊዜ አንደኛው ስሕተት ነው ብሎ ለማረም መቸኰል አይገባውም። ልዩነቱ የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች የአጻጻፍ ልማድ ነው። ሆኖም አንዳንዱ ልዩነት በፊደል ብቻ ሲቀር አንዳንዱ ግን ሚዛኑን ስለሚለውጥ፥ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ሜትርና ሊትር። እነዚህን ቃላት እንግሊዞች ሲጽፉ «አር» የተባለውን ፊደል አስቀድመው «ኢ» በተባለው ይጨርሳሉ፤ አሜሪካኖች ግን «ኢ»ን አስቀድመው በ«አር» ይጨርሳሉ። ስሞቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1795 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሕግ የተደነገጉ ስለሆነ፥ እንግሊዞች የፈረንሳዮችን አጻጻፍ ጠብቀው ቆዩ። በአሜሪካ ግን ኖኅ ዌብስተር በ1806 እና በ1828 ዓ.ም. ባሳተማቸው መዝገበ ቃላት አጻጻፉ ለአነጋገሩ እንዲቀርብ ስለ ጣረ፥ ሁለተኛው ልማድ ጸና። መጠኑ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። አማርኛችን «ትር» ብሎ በሳድስ ስለሚጨርስ ከዚህ ክርክር ነጻ ነው።

2ኛ/ መለኪያውና መሣሪያው። እንግሊዞች ርዝመቱን በ«ኢ» ቢጨርሱም፥ የውሃ ወይም የኤሌክትሪክ ቆጣሪን ስም በ«አር» ይጨርሱታል። አሜሪካኖች ለሁለቱም አንድ አጻጻፍ አላቸው። ስለዚህ የአሜሪካን ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ሜትር ወይም ቆጣሪ ከማለቱ በፊት የዐረፍተ ነገሩን አሳብ ይመልከት።

3ኛ/ ቶን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈለጋል። ቃሉ በአንድ «ኤን» ሲጻፍ፥ በእንግሊዞች የቆየ ልማድ 2,240 ፓውንድ ወይም 1,016 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በአሜሪካኖች ግን 2,000 ፓውንድ ወይም 907 ኪሎ ግራም ያህል ነው። «ኤን» ተደግሞ በ«ኢ» ሲጨርስ በትክክል 1,000 ኪሎ ግራም ነው። ይህንኑ አሜሪካኖች «ሜትሪክ ቶን» ይሉታል።

ለምሳሌ፥ አንድ መሥሪያ ቤት 100 ቶን ስንዴ ለመግዛት ቢዋዋልና የየትኛው አገር ቶን እንደሆነ በውሉ ባይገለጽ፥ በእንግሊዙና በአሜሪካኑ ቶን መካከል ያለው ልዩነት ከ108 ኩንታል ይበልጣል። ክርክሩ በተነሣ ጊዜ ይህን ያህል እህል በአንዲት ቃል ምክንያት የሚጐድልበት ወገን አይታጣም።

4ኛ/ ጋሎን። የዚህ ቃል አጻጻፍ በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ መጠኑ ግን ይለያያል። የእንግሊዙ 4.546 ሊትር፥ የአሜሪካኑ 3.785 ሊትር ነው። በ100 ጋሎን ነዳጅ ላይ 76 ሊትር ያህል ልዩነት ይገኛል። እንግዲህ የፊደል መለያየት ሁልጊዜ የመጠን መለያየት እንዳልሆነ፥ የፊደል አንድነትም የመጠን አንድነት አይደለም።

ስለዚህ ጸሐፊው በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አንዱን አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው ይጠብቅ። ቶን ወይም ጋሎን የሚል ቃል ሲያጋጥመው ደግሞ አጠገቡ መጠኑን በኪሎ ግራም ወይም በሊትር ያስጽፍ። ይህም ከፊርማ በፊት ሊደረግ ይገባል፤ ዕቃው ከተራገፈ በኋላ የሚደረግ ጥያቄ ጐደሎውን አይሞላምና።