ክሪሳንተመም በግቢያችሁ፦ ከአፈሩ በፊት ጨለማውን አዘጋጁለት

ክሪሳንተመም ለመትከል ካሰባችሁ ከአፈሩም ከማዳበሪያውም በፊት ማታ ግቢያችሁ ውስጥ የሚበራውን አምፖል ልብ በሉ። ምክንያቱን ቦታው ላይ ስንደርስ አወራዋለሁ፤ አሁን ከችግኙ እንጀምር።

ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች የሚገዛ ሰው እጁ የሚሄደው በአበባ ወደተሸፈነው ነው። እኔ የምመርጠው አበባው ገና ያልፈካውን፣ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ያወጣውን ነው። ከዚያም የሚሻለው ከጎረቤት ለምኖ ማራባት ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ከአሮጌው ግንድ ግርጌ ከሚያቆጠቁጡት ለጋ ቡቃያዎች ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጫፍ ቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱና እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰክታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ሥር ይሰዳል። እምቡጥ የያዘ ጫፍ ግን አትቁረጡ። ጉልበቱን ለአበባው ስለሚሰጥ ሥሩ ደካማ ይሆናል።

ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ መሬት ላይ አትድከሙ፤ ክሪሳንተመም ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል። ፖት ውስጥ ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰለ ፍግና አሸዋ ቀላቅላችሁ ትከሉት። ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ይዋል። ስድስት ያህል ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን በጥፍራችሁ ቀንጥሱለት፤ ያን ጊዜ ከጎን ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነውና። ክሪሳንተመም የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች አንዳንድ ዕፅዋት የሚያብቡበትን ጊዜ የሚወስነው የቀን ርዝመት መሆኑን አሳዩ፤ ኋላ ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ያልተቋረጠው ጨለማ እንደሆነ ታወቀ። አውሮፓ ውስጥ በበጋው ረጅም ቀን ቅጠሉን ሲያበዛ ከርሞ ቀኑ ሲያጥር ያብባል። አዲስ አበባ ላይ ግን ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ለክሪሳንተመም ዓመቱን ሙሉ የማበቢያ ወቅት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች ይመጣሉ። ማታ ምንም ብርሃን የማያገኝ ለጋ ተክል ገና አንድ ስንዝር ሳይሞላ እምቡጥ ይይዛል፤ ቀጭን ግንድ ላይ ጥቂት አበባ ያወጣና እድገቱ እዚያው ይቆማል። ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ሥር የሚያድር ደግሞ ቅጠሉ ያማረ፣ ግንዱ የረዘመ ሆኖ አበባ የሚባል አያሳይም። ያን ጊዜ አፈሩን አትውቀሱ፣ ማዳበሪያም አትጨምሩበት። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን ብቻ ያበዛዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፖት ላይ ትከሉ ያልኳችሁም ለዚህ ጭምር ነው። መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ ጨለማ ስጡት። ተክሉ በሚያድግበት ጊዜ በረንዳ ላይ፣ አምፖሉ በቅርብ በሚያርፍበት ቦታ አስቀምጡትና መብራቱ ከመሸ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ይብራለት። አበባ የሚያመርቱ እርሻዎች ሌሊት መብራት አብርተው የሚሠሩትን ሥራ እናንተ ቤተሰቡ እስኪተኛ በሚበራው የበረንዳ አምፖል ትሠራላችሁ። መብራት አንድ ምሽት ቢጠፋ አያስጨንቃችሁ፤ ለተከታታይ ቀናት ከጠፋ ግን እምቡጥ ሊጀምር ይችላል።

ቅርንጫፎቹ በዝተው አንድ ክንድ ያህል ሲሆን ፖቱን አንሥታችሁ ቀን ፀሐይ የሚያገኝበት፣ ማታ ግን ምንም መብራት የማይደርስበት የግቢ ጥግ ውሰዱት። ማታ ወጥታችሁ አጠገቡ ቁሙና ጋዜጣ ለማንበብ ሞክሩ። ፊደሉ ከታያችሁ ቦታው አይሆንም፤ የመንገድ መብራት ወይም የጎረቤት አምፖል እየደረሰ ነው። የጨረቃ ብርሃን ግን አይጎዳውም። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ ማታ 12 ሰዓት ላይ ትልቅ ካርቶን ድፉበት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንሡለት። ይህን እምቡጦቹ ቀለማቸውን ማሳየት እስኪጀምሩ ድረስ አንድም ማታ ሳትዘሉ አድርጉ። እባካችሁ፣ ልብስ ለማስገባት ብላችሁ መብራት አብርታችሁ አትርሱበት።

ጨለማው ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስኪያብብ እንደ ዝርያው ከ7 እስከ 10 ሳምንት ይፈጃል፤ የኅዳር ብርድ ሊያዘገየውም ይችላል። ለገና አብቦ ማየት የምትፈልጉ በሐምሌ ቆርጣችሁ ሥር አስይዙ፣ በነሐሴ ፖት ላይ ትከሉ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ከብርሃን አውጡት።

ውሃውን ጠዋት፣ ከግርጌው አጠጡ፤ ቅጠሉ ርሶ አይደር። ክረምት ላይ ከጣራ ጠርዝ ሥር አስጠጉት። ቅጠሉ ከላይ ገርጣ ያለ ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ደግሞ ነጭ እብጠት ካሳየ ነጭ ዋግ ነው። የያዘውን ቅጠል ለቅማችሁ አቃጥሉት፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ለጫፉ ላይ ክሽክሽ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ውሻ ወይም ድመት ካላችሁ ከሚደርሱበት አርቁት፤ ቅጠሉን ቢበሉት ይታመማሉ።

ትልልቅ አበባ የምትወዱ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ የመሐሉን እምቡጥ ብቻ ትታችሁ የጎኖቹን ገና ሽንብራ ሳያክሉ አንሡ። እኔ አልነካቸውም፤ በትንንሽ አበባ የተሸፈነ ተክል ይበልጥብኛል። አበባው ሲጠወልግ ግንዱን ከአፈሩ በላይ አንድ ጫማት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡትና መልሳችሁ አምፖሉ ሥር አስቀምጡት። ከግርጌው አዲስ ቡቃያ ሲወጣ የሚቀጥለውን ዓመት ጫፎች ከዚያ ውሰዱ፤ እንጨት የሆነውን አሮጌ ሥር ጣሉት።