የሸለቆው ዙሪያ ጉዞ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ስለ ማቀድ

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለሰበካ ጉባኤ ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ «ወጣ ብለን እንምጣ» የሚለው ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ አጥቢያ ለዚህ አውቶቡስ መከራየት አያስፈልገውም። በምዕራብ የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ ከተራራው ጥግ የሚነሣው ትንሹ አቃቂም በክፍለ ከተማው በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። አካባቢው ለእግረኛ አዲስ አይደለም፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ ስንቅና ጠመንጃ ተሸክመው ረጅም ጉዞ ይጓዙ እንደ ነበር በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። የእኛ ወጣቶች ጉዞ ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው። ሆኖም የሰው ልጅ በአደራ ተቀብሎ ወደ ሸለቆ የሚወርድ ኮሚቴ በቅድሚያ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የዙሪያ ጉዞ የምንለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተነሥቶ በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መንገድ ወደዚያው የሚመለሰውን ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ግማሽ መንገድ ላይ የደረሰ ሰው ቢታመም ወደ ፊት መሄዱም ወደ ኋላ መመለሱም እኩል ይርቃል። ስለዚህ ኮሚቴው አስቀድሞ መንገዱን በእግሩ ሲያይ ከሸለቆው ወደ አስፋልት የሚያወጡትን መተላለፊያዎች መለየትና ታክሲ ወይም አምቡላንስ የት ድረስ እንደሚገባ መመዝገብ አለበት። ይህ ቅድመ ጉዞ ዕለቱ ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በላይ ሊቀድም አይገባም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ የልማት ሥራ ስለሚካሄድ ዐምና የነበረ መንገድ ዘንድሮ ታጥሮ ሊገኝ ይችላል።

ሰዓቱን ማስላት ቀላል ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይላል። ይህ ግን ለጠንካራና ለብቸኛ ተጓዥ ነው። አርባ ልጆች በጠባብ መንገድ በሰልፍ ሲሄዱ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ መልካም ነው። እንግዲህ 300 ሜትር አቀበት ያለበት የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ወደ 4 ሰዓት ይወስዳል፤ ለምሳ፣ ለዕረፍትና ለጸሎት 2 ሰዓት ሲጨመር 6 ይሆናል። ጠዋት 1፡30 የተነሣ ከቀትር በኋላ 7፡30 ይመለሳል። መካከለኛ ጉዞ ስንል ከዚህ ያልበለጠውን ነው። የጉዞውን ፍጥነት የሚወስነውም ከሁሉ ዘግይቶ የሚራመደው ልጅ እንጂ ከፊት ያለው ጎረምሳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውኃው እንምጣ። በአዲስ አበባ ዝናብ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ይጥላል። ስለዚህ ሸለቆውን በጠዋት መጨረስ፣ የመልሱን መንገድ በከፍታው በኩል ማድረግ ይገባል፤ ብዙ ኮሚቴዎች «ወንዙ ዳር ምሳ እንበላለን» ብለው ተቃራኒውን ያቅዳሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት መቅጠፉን አንዘንጋ። ጎርፍ እኛ ካለንበት ሰማይ ላይመጣ ይችላል፤ በኮልፌ ፀሐይ ወጥታ ወጨጫ ከጠቆረ ዝናቡ የወረደው በወንዙ ራስ ላይ ነውና ወዲያው ከሸለቆው መውጣት ያስፈልጋል። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ መግፋት ከጀመረም እንዲሁ። ወንዝ የሚሻገሩት በድልድይ ብቻ ነው። በድንጋይ ላይ መዝለል ለልጆች ጨዋታ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው የውኃው አደጋ በዓይን አይታይም። ትንሹ አቃቂ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይገባበታል፤ በወንዙ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረታ ብረቶችን ጭምር አግኝተዋል። እነዚህን ማፍላት አያጠፋቸውም። ስለዚህ መጠጣት ብቻ ሳይሆን ፊት መታጠብም አይገባም፤ እያንዳንዱ ተጓዥ ከቤቱ 2 ሊትር ውኃ ይያዝ። ከተናደ ገደል ወይም ከቆሻሻ ክምር ሥር ማለፍም ክልክል ይሁን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ ክፍለ ከተማ በረጲ የቆሼ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን እንዳጣን የማያውቅ የለም፤ ነፍሳቸውን ይማርልን።

ቀን ስለ መምረጥ አጭር ነገር እንበል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወቅት ደረቅ ስለሆነ ተስማሚ ነው። ከዕለታት ቅዳሜ ይመረጣል፤ በአጽዋማት ወቅት እንኳ ቢሆን በቅዳሜ ከጥሉላት መከልከል እንጂ ከእህልና ከውኃ መጾም ስለሌለ ልጆች በባዶ ሆድ አቀበት አይወጡም። ብቸኛዋ የተለየች ቀዳም ሥዑር ናት። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ለማንኛውም ወቅት ይሆናል።

ለወላጆች የፈቃድ ወረቀት ይሰጥ፤ ለወረዳው አስተዳደርና ለፖሊስ መንገዱና የመመለሻው ሰዓት ይነገር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በየአስተባባሪው ስልክ ይመዝገብ። ከፊት አንድ መሪ፣ ከኋላ አንድ ደጀን ይመደብ፤ ከደጀኑ ኋላ ማንም አይቅር።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። «እንመለስ» የማለት ሥልጣን የአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ያም ሰው መንገዱን አስቀድሞ ያየው መሪ ነው። አባቶች አብረው ሲጓዙ ወጣቱ ሁሉ ዓይኑን ወደ እነርሱ ያቀናል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አባ «ትንሽ እንቀጥል» ካሉ መሪው ለመቃወም ያፍራል። ስለዚህ የደብሩ አስተዳዳሪ ከመነሻው ጸሎት በኋላ በሁሉም ፊት «ዛሬ በመንገድ ጉዳይ እኔም የምታዘዘው ለእርሱ ነው» ቢሉ የመሪው አፍ ይፈታል።

ሲመለሱ በቅጽሩ በር ላይ ስም እየተጠራ ይቆጠር። በዚያው ሳምንት መሪውና ደጀኑ የት ምንጭ እንዳዩ፣ የት ገደሉ እንደ ተሸረሸረ፣ የት ቆሻሻ እንደ ተደፋ፣ ከየትኛው መተላለፊያ አምቡላንስ እንደሚደርስ በደብተር ጽፈው ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ያስረክቡ። የሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ሥራውን ከዚያ ደብተር ይጀምራል።