የግብርና መምህር ለመሆን ለምታስቡ

መጀመሪያ የምታስተምሩበትን ቦታ ለዩ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለ11ኛና 12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ራሱን ችሎ ይሰጣል። እንደ አላጌና አጋርፋ ያሉ የግብርና ኮሌጆች ደግሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን ያሠለጥናሉ። ለመጀመሪያው የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና ያስፈልጋችኋል፤ ለሁለተኛው በሙያችሁ በብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ተመዝኖ ማለፍ።

ዲግሪውን በሐረማያ፣ በጅማ ወይም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መማር ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ አጥኑለት። ክረምት ክረምት ግን ገበሬ ዘንድ ሄዳችሁ ሥሩ። በገጠር ትምህርት ቤት የሚጠብቋችሁ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ እርፍ ጨብጦ የማያውቅ መምህር አይጠፋቸውም።

በተመደባችሁበት ሳምንት ርእሰ መምህሩን መሬትና ውኃ ጠይቁ። ትንሽም ቢሆን ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ፈተና ይመጣል። ትምህርት መስከረም ተከፍቶ ሰኔ ይዘጋል፤ ጤፍ በብዙ ደጋና ወይና ደጋ የሚዘራው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው። ብዙ መምህራን በዚህ ምክንያት መዝራትን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ያስተምራሉ፤ ያሳዝነኛል። እናንተ ሐምሌ ላይ በቅርብ ከሚኖሩ ተማሪዎች ጋር 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦችን ዝሩ፤ አንዱን በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመስመር፣ ሌላውን በብተና። መስከረም ላይ የመጣው ክፍል የቆመ ሰብል ያገኛል፤ ያርማል፣ ተባይ ይፈልጋል፣ ሁለቱን ያስተያያል። ከአጨዳው በኋላ የየመደቡን ምርት ለየብቻ ወቅቶ ይመዝን፤ ኪሎውን በ100 ሲያባዛ የሄክታሩን ግምት ያገኛል። ልጁ ለአባቱ የሚነግረው ራሱ የመዘነውን ነው።

ውኃ ካለ ጥቅምት ላይ የጥቅል ጎመን ችግኝ አፍሉ፤ ከወር በኋላ ተዛውሮ ትምህርት ሳይዘጋ ይደርሳል። ከመዝራታችሁ በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳምንት አቆዩ። 70 ከበቀለ የብቅለት መጠኑ 70 በመቶ ነው፤ የሚዘራውን መጠን በዚያው ልክ ተማሪዎቹ ያስሉት።

ከተከታታይ ምዘናው ግማሹን ነጥብ ማሳው ላይ ስጡ። አረም ማረምንና መቆፈርን ግን ላረፈደ ተማሪ ቅጣት አታድርጉ፤ ሌላ መምህር ለቅጣት ልጆች ሲልክባችሁም እምቢ በሉ።